ስልክ ላይ ያማረው ቪዲዮ ኤዲት ሲደረግ ለምን ይገረጣል? የከለር ስፔስ ነገር

ባለፈው ጥምቀት ጃንሜዳ ሄደን ነበር። ሁለት ስልክ፣ አንድ ማይክ፣ ሦስት ሰው። ሎሚ የሚሸጡ አንዲት እናት አግኝተን አጭር ቃለ ምልልስ ሠራን። ስልኩ ላይ ስናየው ያምራል፤ ጠይም ፊታቸው ፀሐይ ነክቶት ያበራል፣ ነጠላቸው ነጭ፣ ጥለቱ ቀይ ነው። ማታ ኮምፒውተር ላይ አስገብተን ቆራረጥነው፣ ከስር ጽሑፍ ጨመርንበትና ፖስት አደረግነው።

በማግስቱ እሳቸው ደወሉልን። ዱባይ ያለችው ልጃቸው ቪዲዮውን አይታ «እማዬ፣ አሞሽ ነው እንዴ የደበቅሽኝ? ፊትሽ ምን ሆኖ ነው?» ብላ እያለቀሰች ደውላላቸው ኖሯል። «እናንተ ልጆች፣ ምን አድርጋችሁኝ ነው?» አሉን።

ደግመን አየነው። እውነትም ፊታቸው አመድ መስሏል። የጥለቱ ቀይ አሥር ጊዜ የታጠበ ይመስላል። እኛ ግን ፊልተር አልተጠቀምንም፣ ብርሃኑንም አልነካንም። ምንም አላደረግንም ማለት ይቻላል። ችግሩም እሱ ነበር፤ ማድረግ የነበረብንን አንድ ነገር አላደረግንም።

ይሄ ነገር ቪዲዮ የምትሠሩ ሁላችሁም ላይ ደርሶ ይሆናል። የሠርግ ቪዲዮ፣ የምርቃት ቪዲዮ፣ የቲክቶክ ክሊፕ፤ ስልክ ላይ አሪፍ የነበረው ኤዲት ሲደረግ ወይ ይገረጣል ወይ ነጩ ይነዳል። ብዙዎቻችን «ካሜራው ነው» ብለን እናልፈዋለን። አብዛኛውን ጊዜ ካሜራው አይደለም። ጉዳዩ ከለር ስፔስ የሚባለው ነው። እስቲ ከሥሩ እንየው።

ቁጥሩ ብቻውን ቀለም አይደለም

ቪዲዮ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ ቁጥር ነው። ለቀይ አንድ፣ ለአረንጓዴ አንድ፣ ለሰማያዊ አንድ። ባለ 8 ቢት ቪዲዮ ላይ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይሄዳል፤ ባለ 10 ቢት ላይ ደግሞ ከ0 እስከ 1023።

ጥያቄው እዚህ ጋ ነው። «ቀይ 255» ስንል የትኛው ቀይ? ምን ያህል የደመቀ? ቁጥሩ ራሱ አይናገርም።

ይሄን ለመረዳት ከኛ ሰው የቀረበ የለም፤ ምክንያቱም በሁለት ሰዓት አቆጣጠር ነው የምንኖረው። አንድ የውጭ ድርጅት ለሥራ ኢንተርቪው «3:00» ብሎ ቀጠረህ እንበል። እሱ በፈረንጅ ከሰዓት በኋላ 3:00 ማለቱ ነው፤ በኛ 9 ሰዓት። አንተ ግን በኛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሱፍህን ለብሰህ በሩ ላይ ተገኘህ። ቁጥሩ አልተሳሳተም፣ አንተም ማንበብ አላቃተህም። የጠፋው «በማን አቆጣጠር?» የሚለው ነው።

ከለር ስፔስ ማለት ያ «በማን አቆጣጠር» ነው። የቪዲዮው ቁጥሮች በየትኛው ስምምነት እንደሚነበቡ ይናገራል።

ውስጡ ምን ምን አለ?

ቪዲዮ ላይ ይሄ ስምምነት ሦስት ዋና ነገሮችን ይወስናል።

አንደኛ፣ የቀለሙ ሜዳ ስፋት፤ ጋሙት ይባላል። ከሁሉም የጠነከረው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የትኞቹ እንደሆኑ ይወስናል።

ሁለተኛ፣ የብርሃኑ ከርቭ፤ ጋማ ወይም ትራንስፈር ይሉታል። ቁጥሩ በግማሽ ሲጨምር ብርሃኑ በምን ያህል ይጨምራል የሚለው ነው።

ሦስተኛ፣ ነጭ የሚባለው የቱ ነጭ እንደሆነ። በቪዲዮ ዓለም አብዛኞቹ ዲ65 የሚባለውን ነጭ ስለሚጋሩ እዚህ ላይ ብዙ ራስ ምታት የለም። ጣጣው ያለው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነው።

የምታገኟቸው ስሞች

(ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፤ ከላይ ስላወራነው ነገር ብለን ነው ያስታወስናችሁ።)

ሬክ 709፦ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1990 ለኤችዲ ቴሌቪዥን ያወጣው ነው። እስከ ዛሬ የኦንላይን ቪዲዮ አብዛኛው የሚኖረው እዚህ ውስጥ ነው።

ኤስአርጂቢ፦ በ1996 ኤችፒና ማይክሮሶፍት ለኮምፒውተር ስክሪን ያዘጋጁት። ፎቶዎቻችሁና ሎጎዎቻችሁ በአብዛኛው እዚህ ናቸው። የቀለም ሜዳው ከሬክ 709 ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው ከርቩ ነው።

ሬክ 2020፦ በ2012 ለአልትራ ኤችዲ የወጣ፣ በጣም ሰፊ ሜዳ። የሰው ዓይን ሊያያቸው የሚችላቸውን ቀለሞች በሚያሳየው ታዋቂው የ1931 ካርታ ላይ ሬክ 709 36 በመቶ ገደማ ሲሸፍን ሬክ 2020 76 በመቶ ገደማ ይሸፍናል።

ኤችኤልጂ እና ፒኪው፦ እነዚህ የኤችዲአር ከርቮች ናቸው። ኤችኤልጂን የሠሩት የእንግሊዙ ቢቢሲና የጃፓኑ ኤንኤችኬ ናቸው። መደበኛ ቪዲዮ 100 ኒት በሚባል የብርሃን ልክ ታሳቢ ሲሠራ፣ ኤችኤልጂ በተለምዶ 1000 ኒት ስክሪን ታሳቢ ያደርጋል። ፒኪው ደግሞ እስከ 10,000 ኒት የሚደርስ ቦታ አለው።

ሎግ፦ ኤስ-ሎግ 3፣ ቪ-ሎግ፣ አፕል ሎግና የመሳሰሉት። ካሜራው ከጥላው እስከ ፀሐዩ ያለውን ብርሃን ሁሉ ጨምቆ ፋይሉ ውስጥ የሚያስገባበት መንገድ ነው። ሳይመነዘር ሲታይ ግራጫና የደበዘዘ የሚመስለው ለዚህ ነው። የተበላሸ እንዳይመስላችሁ፤ እንደዚያ ሆኖ እንዲታይ አልተሠራም።

ይሄ ሁሉ የባለሙያ ወሬ ሊመስል ይችላል። ግን በ2020 የወጣው አይፎን 12 ኤችዲአር ቪዲዮ መቅረፅ ሲጀምር ነገሩ ኪሳችን ገባ። ቀራፂው ምንም ሳይነካ ስልኩ ራሱ በኤችኤልጂና በሬክ 2020 ይቀርፃል። ብዙ ሰው ኤችዲአር እንደቀረፀ እንኳን አያውቅም።

እኛ ጋ የሆነው ምንድነው?

የሎሚ ሻጯ እናት የተቀረፁበት ስልክ ኤችዲአሩ በርቶ ነበር። የተጠቀምንበት የቆየ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ግን ፋይሉ ላይ የተጻፈውን መለያ አላነበበም፤ ቁጥሮቹን እንዳሉ አንስቶ ሬክ 709 ናቸው ብሎ አሳየን።

ይሄ ለምን ቀለም እንደሚያጠፋ በቁጥር እንየው። የሬክ 709ን ሙሉ ቀይ፣ ማለትም ቀይ 100፣ አረንጓዴ 0፣ ሰማያዊ 0፣ በሬክ 2020 ቋንቋ ልጻፈው ብትሉ ቀይ 63፣ አረንጓዴ 7፣ ሰማያዊ 2 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከርቩን ለጊዜው ትተን ስለ ንጹህ የብርሃን መጠን ነው የምናወራው። ሰፊው ሜዳ ላይ ያው ቀይ ወደ መሃል ጠጋ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ምክንያቱም ከሱ ውጪ ገና የጠነከረ ቀይ አለ።

አሁን አንድ ሶፍትዌር 63፣ 7 እና 2ን «ይሄ ሬክ 709 ነው» ብሎ ካነበበው፣ ያ ደማቅ ቀይ ደብዝዞና ከሌሎች ቀለሞች ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። ጥለቱ የታጠበ የመሰለው በዚህ ነው። የሰው ፊት ደግሞ፣ ጠይምም ይሁን ቀይ ዳማ ወይም ጥቁር፣ ሕይወት የሚሰጠው በውስጡ ያለው ሞቅ ያለ ቀይና ብርቱካናማ ነው። እሱ ሲቀንስ አመድ ይመስላል። ልጅቷ በሽታ ነው ያለችው የጠፋ ቀይ ነበር።

ሦስቱ ስህተቶች

የሰዓቱን ምሳሌ ያዙ። ሁሉም ስህተት ማለት ይቻላል ከሦስቱ አንዱ ነው።

አንደኛው፣ ጭራሽ አለመመንዘር። የፈረንጁን 3 ሰዓት በኛ 3 ብሎ ማንበብ። የኛው የጃንሜዳ ስህተት ይሄ ነበር። ምልክቱ፦ የገረጣ ቀለም፣ አመዳም ፊት።

ሁለተኛው፣ መለያውን ቀይሮ ቁጥሩን መተው። «3:00 በፈረንጅ» የሚለውን ሰርዞ «3:00 በሀበሻ» ብሎ መጻፍ። ወረቀቱ ላይ ነገሩ የተስተካከለ ይመስላል፤ ቀጠሮው ግን አልተስተካከለም። ፋይሉ ላይ መለያ መለጠፍና ቁጥሩን መመንዘር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መለያ መቀየር የሚያስፈልገው መለያው መጀመሪያውኑ ስህተት ከነበረ ብቻ ነው።

ሦስተኛው፣ ሁለት ጊዜ መመንዘር። ፀሐፊዋ አስቀድማ 9 ሰዓት ብላ በኛ ቀይራልሃለች፤ አንተ ደግሞ ፈረንጅ መስሎህ ስድስት ሰዓት ደመርክና ተመልሰህ 3 ገባህ። ቪዲዮ ላይ ይሄ የሚሆነው ሶፍትዌሩ በራሱ መንዝሮ ሳለ እኛ ከላዩ ሌላ ስንደርብበት ነው። ምልክቱ፦ ጥቁሩ ጉድጓድ የሆነ፣ ቀለሙ የተቃጠለ፣ ፊት ብርቱካን የመሰለ።

ቴሌግራም ላይ በነፃ የሚዞሩት «ሲኒማቲክ ላት» የሚባሉ ጥቅሎች ብዙ ጊዜ ወደዚህ ወጥመድ ይወስዳሉ። ላት ማለት «ይሄ ቁጥር ሲገባ ያ ቁጥር ይውጣ» የሚል ሰንጠረዥ ነው። የገባው ቪዲዮ በምን እንደተቀረፀ አያይም። ለኤስ-ሎግ 3 የተሠራ ላት መደበኛ የስልክ ቪዲዮ ላይ ብትጭኑት ያልተጨመቀውን ሊዘረጋ ይሞክራል፤ ውጤቱ የደረቀ፣ የጠቆረ ምስል ነው። ላት ስታወርዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ለየትኛው ግብዓት ነው የተሠራው?» የሚለውን ይሁን።

ነጩስ ለምን ይነዳል?

ይሄ ከመገርጣት የተለየ ችግር ነው። ቀለሙ በትክክል ተመንዝሮ ብርሃኑ ሳይታጠፍ ሲቀር የሚመጣ ነው።

ትልቅ ጋቢ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ አስገቡ ብትባሉ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ወይ በደንብ አጣጥፋችሁ ታስገባላችሁ፣ ወይ የተረፈውን በመቀስ ትቆርጣላችሁ። ለ1000 ኒት የተቀረፀን ብርሃን ለ100 ኒት በተሠራው ስምምነት ውስጥ ማስገባትም እንደዚያው ነው። አጣጥፎ ማስገባቱ ቶን ማፒንግ ይባላል። እሱ ከሌለ ሶፍትዌሩ የተረፈውን ይቆርጠዋል፤ ነጠላ፣ ደመና፣ የሙሽራ ቬሎ ሁሉም አንድ ባዶ ነጭ ይሆናሉ። በነጭ ልብስ የተሞላ በዓል ለምንቀርፅ ለኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እሺ፣ ምን እናድርግ?

1. ከመቅረፅ በፊት ወስኑ። ቪዲዮው መጨረሻው ቴሌግራም፣ ቲክቶክ ወይም ፌስቡክ ከሆነና ኤችዲአር የምትፈልጉበት የተለየ ምክንያት ከሌለ፣ ኤችዲአሩን አጥፉት። አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ሪከርድ ቪዲዮ ውስጥ ገብታችሁ «ኤችዲአር ቪዲዮ» የሚለውን ታጠፋላችሁ። አንድሮይድ ላይ ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ኤችዲአር ቪዲዮ የሚል ካለ እሱንም እዩት። በሁለት ስልክ የምትቀርፁ ከሆነ ሁለቱም አንድ ዓይነት መሆናቸውን አረጋግጡ።

2. ፋይሉን እወቁት። ሚዲያኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ቪዲዮውን ስታስገቡበት «ከለር ፕራይመሪስ» እና «ትራንስፈር ካራክተሪስቲክስ» የሚሉ መስመሮች ያሳያችኋል። ቢቲ 709 ካለ መደበኛ ነው። ቢቲ 2020 እና ኤችኤልጂ ወይም ፒኪው ካለ ኤችዲአር ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ የሎግ ፋይል ብዙ ጊዜ ሎግ መሆኑ መለያው ላይ አይጻፍም። ሰው የላከላችሁ ከሆነ ቀራፂውን ጠይቁት። ሲልክላችሁም በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክላችሁ፤ እንደ ቪዲዮ ከላከው ተጨምቆ ነው የሚደርሳችሁ።

3. አንድ መድረሻ ምረጡ። ለእኛ ዓይነት ሥራ ታይምላይኑ ሬክ 709 ይሁን። ከዚያ ወደ ታይምላይኑ የሚገባ ሁሉ ወደ እሱ ይመነዘራል።

4. አንድ ጊዜ ብቻ መንዝሩ።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ፣ በነፃው ቨርዥንም ጭምር፣ ከለር ስፔስ ትራንስፎርም የሚባል ኢፌክት አለ። ለስልክ ኤችዲአር ቪዲዮ ኢንፑት ከለር ስፔስ ሬክ 2020፣ ኢንፑት ጋማ ኤችኤልጂ፤ አውትፑት ከለር ስፔስ ሬክ 709፣ አውትፑት ጋማ 2.4 አድርጉ። ቶን ማፒንጉን «ዳቪንቺ» የሚለው ላይ አድርጉት። ለሶኒ ኤስ-ሎግ 3 ደግሞ ኢንፑቱን ኤስ-ጋሙት 3 ሲኔና ኤስ-ሎግ 3 ማድረግ ነው፤ ካሜራው ላይ ሌላ ጋሙት ተመርጦ ካልነበረ በቀር። ፕሮጀክቱ ሴቲንግ ላይ ከለር ማኔጅድ የሚለውን ካበራችሁ ግን ሶፍትዌሩ ራሱ ስለሚመነዝር ይሄን ኢፌክት አትደርቡ። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ከላይ ያልነው የሁለት ጊዜ ምንዛሪ ነው።

ፕሪሚየር ፕሮ ላይ ክሊፑን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ሞዲፋይ ውስጥ የክሊፑን ከለር ስፔስ ማየትና ስህተት ከሆነ ማስተካከል ትችላላችሁ። ቶን ማፒንጉን ሉሜትሪ ከለር ፓነል ሴቲንግስ ውስጥ ታገኙታላችሁ። መብራቱን አረጋግጡ።

በስልክ ብቻ የምትሠሩ፣ ካፕከትም ይሁን ሌላ፣ ቁጥጥራችሁ አነስተኛ ስለሆነ ተራ ቁጥር 1ን አጥብቃችሁ ያዙ። ቀድሞ የተቀረፀ ኤችዲአር ከሆነ 10 ሰከንድ ቆርጣችሁ ኤክስፖርት አድርጉና እዩ። እሱ ካልተበላሸ ሙሉውን ሥሩ። ሙሉ ሠርግ ኤዲት አድርጎ መጨረሻ ላይ ከማልቀስ ይሻላል።

5. ቅደም ተከተሉን አትርሱ። ብርሃን ማስተካከል ካለባችሁ ከምንዛሪው በፊት ባለው ኖድ ላይ አስተካክሉ። እዚያ የደመናውና የነጠላው ዝርዝር ገና አለ። ከምንዛሪው በኋላ የተቆረጠ ነጭ በምንም ስላይደር አይመለስም፤ ከባዶ ነጭነት ወደ ባዶ ግራጫነት ብቻ ነው የሚወርደው። ሳቹሬሽን እየጨመሩ የገረጣን ፊት ማዳንም አይሆንም። እኛ የመጀመሪያ ቀን ሞክረነዋል፤ ፊታቸው ሳይስተካከል ከኋላቸው ያለው ጃንጥላ ኒዮን ሆነ።

6. ኤክስፖርት ስታደርጉ መለያው ሬክ 709 መሆኑን እዩ። ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ከወጣ ወይም ጥላው ሁሉ ድፍን ጥቁር ከሆነ ሬንጁን ጠርጥሩ። ባለ 8 ቢት ቪዲዮ በተለምዶ ጥቁርን በ16፣ ነጭን በ235 ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላ ፋይል ደግሞ ከ0 እስከ 255 ሙሉውን ይጠቀማል። ሁለቱ ሲምታቱ ነው እንደዚያ የሚሆነው። ማክ ላይ ደግሞ ያው ፋይል ክዊክታይም ውስጥ ገርጥቶ ከታየ ወዲያው ወደ ኤዲቲንግ አትመለሱ፤ ክዊክታይም ሬክ 709ን የሚያነብበት ጋማ ከ2.4 ያነሰ ስለሆነ ነው። ሌላ ማጫወቻና ሌላ ስልክ ላይ አይታችሁ ፍረዱ። ስልኩ ላይ የማታ ብርሃን ወይም ቪቪድ የሚለው ሞድ በርቶ ከሆነ መጀመሪያ አጥፉት።

ዜና ሲሆን ነገሩ ይብሳል

የሠርግ ቪዲዮ ቢገረጣ ሙሽሮቹ ይቆጣሉ። ዜና ላይ ግን ቀለም መረጃ ነው። የጎርፉ ውኃ ቡናማ ነው ግራጫ? ጭሱ ነጭ ነው ጥቁር? ሰውየው የለበሰው ዩኒፎርም አረንጓዴ ነው ካኪ? ሰው በነዚህ ላይ ተመሥርቶ ይከራከራል፣ ይወስናል፣ አንዳንዴም ሌላውን ይወነጅላል። ሰው የላከልንን ቪዲዮ በስህተት ከመነዘርነው ሳናስበው መረጃ ቀይረናል። ሆን ብሎ ባለማድረጋችን ተመልካቹ የሚያየው አይቀየርም።

የቆዳ ቀለምም እንደዚሁ ነው። ጠይም ሰውን አንጥቶ ወይም አጥቁሮ ማሳየት የብዙ ሰው ቁስል ነው። «ፊልተር አድርጋችሁ ነው» ስንባል «ኧረ ሶፍትዌሩ ነው» ማለት መልስ አይሆንም። የቀረፅነው እኛ፣ ፖስት ያደረግነውም እኛ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ነገር ለምደናል። ኦሪጅናሉን ፋይል ምንም ሳንነካው ለብቻው እናስቀምጣለን። ፖስት ከማድረጋችን በፊት ደግሞ ኦሪጅናሉን በአንድ ስልክ፣ ኤዲት የተደረገውን በሌላ ስልክ ጎን ለጎን ከፍተን የሰውየውን ፊት እናያለን፤ ከዚያ ስልኮቹን አቀያይረን ደግመን እናያለን። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የጃንሜዳውን ቪዲዮ በትክክል መንዝረን ደግመን ለጠፍነው፣ የተፈጠረውንም ከስሩ ጻፍን። አዲሱን መጀመሪያ የላክነው ለእሳቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ለልጃቸው አስተላለፉት። ማታ ላይ መልሰው ደወሉ። «አሁን እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም «ግን ያን ቀን ሎሚ ሳትገዙ ነው የሄዳችሁት» አሉን። እሱም እውነት ነበር።

የገረጣባችሁ ወይም የነደደባችሁ ክሊፕ ካለ እስከ 10 ሰከንድ የሚሆን ኦሪጅናሉን እንደ ፋይል ላኩልን። በምን ስልክ እንደቀረፃችሁና በምን ኤዲት እንዳደረጋችሁም ጻፉልን። በሚቀጥለው ፖስት የተወሰኑትን እየመነዘርን እናሳያችኋለን።